ሮኬት ሲወነጨፍ እንደ አብራሪ መመልከት፦ ከኖታም ንባብ እስከ በረራ ብቃት

ከፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ፣ ከኬፕ ካናቬራል፣ ሮኬት ሲወነጨፍ ቆሞ ማየት ለማንም ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለአብራሪ ግን ነገሩ ከዚህም ይሰፋል፤ ሮኬቱ ሰንጥቆት የሚያልፈው ሰማይ እርሱ ራሱ የሚበርበት ሰማይ ስለሆነ፣ ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ሲባል የአየር ክልሉ እንዴት እንደሚዘጋ፣ የት ድረስ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ማወቅ ይጠበቅበታል። ይህ መመሪያ የተጻፈው የግል አብራሪነት ፈቃድ ላለው ወይም በሥልጠና ላይ ላለ ሰው ነው። ደንቦቹ በሙሉ የአሜሪካ ሲሆኑ ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ጉዞውን እንደ ሽርሽር ሳይሆን እንደ አንድ በረራ ያቅዱት። እንዲህ ካደረጉ ሮኬቱን በደንብ ያያሉ፤ በዚያውም ከወራት በፊት የተማሩት ነገር ሳይዝግ ይቆያል።

1. መድረኩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መለየት

በፍሎሪዳ ሁለት ጎረቤታሞች ማስወንጨፊያዎች አሉ። አንደኛው 39ኤ እና 39ቢ የሚባሉት መድረኮች የሚገኙበት የናሳ ኬኔዲ የህዋ ማዕከል ነው፤ ሁለተኛው መድረክ 40 እና 41ን የያዘው፣ በአሜሪካ ስፔስ ፎርስ የሚተዳደረው የኬፕ ካናቬራል ጣቢያ ነው። መጀመሪያ የመድረኩን ቁጥር ይወቁ፤ የሚቆሙበትን ቦታም፣ የሚያነቡትን ካርታም የሚወስነው እርሱ ነው። ሰሜናዊ ለሆኑት ለ39ኤ እና ለ39ቢ ከኢንዲያን ወንዝ ማዶ ያለችው የታይተስቪል ከተማ ትመቻለች፤ ደቡባዊ ለሆነው ለመድረክ 40 ደግሞ በፖርት ካናቬራል የሚገኘው ጄቲ ፓርክ ጥሩ ነው።

ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው። ኬፕ ካናቬራል ከምድር ወገብ በስተሰሜን 28.5 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ወደ ምሥራቅ የሚወነጨፍ ሮኬት ምድር በመሽከርከሯ ብቻ በሰከንድ 400 ሜትር ያህል ፍጥነት በነፃ ያገኛል፤ ከፊቱ ያለውም ሰው የሚኖርበት ምድር ሳይሆን አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ምድርን ከዋልታ ወደ ዋልታ የሚዞሩ ሳተላይቶች ደግሞ በአመዛኙ የሚወነጨፉት ከካሊፎርኒያው ቫንደንበርግ ወደ ደቡብ ነው።

ቀጥሎ የማስወንጨፊያውን ጊዜ ስፋት ይመልከቱ። አንዳንድ ተልዕኮዎች ለበርካታ ሰዓታት የተዘረጋ ጊዜ አላቸው፤ ወደ ዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ የሚሄዱት ግን ብዙውን ጊዜ ያላቸው አንዲት ቅጽበት ብቻ ናት። ምድር በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ስለምትዞር፣ ማስወንጨፊያው በጣቢያው ምሕዋር ሥር ከሚያልፍበት ቅጽበት ጥቂት ደቂቃ መዘግየት ሮኬቱ የሌለውን ነዳጅ ይጠይቀዋል። እንዲህ ላለው ተልዕኮ እግረ መንገዴን አየዋለሁ ብለው ከሄዱ ያመልጥዎታል። በሌላ በኩል የመተላለፍ ዕድሉ ምንጊዜም ስላለ፣ ከሩቅ የሚመጡ ከሆነ ከተያዘው ቀን በኋላ ቢያንስ ሁለት ባዶ ቀናት ይያዙ። በዚህ ጉዳይ መቆጠብ አያዋጣም።

2. ኖታሙንና የአየር ክልሉን ማንበብ

አብራሪን ከሌላው ተመልካች የሚለየው ይህ ደረጃ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ኖታም ለአብራሪዎች የሚወጣ የበረራ ማስታወቂያ ነው። በኬፕ ካናቬራል ዙሪያ በካርታ ላይ በቋሚነት የተሰመሩ የተገደቡ የአየር ቀጣናዎች አሉ፤ አር-2932፣ አር-2933፣ አር-2934 እና አር-2935 ይባላሉ። አንዳንዶቹ ከመሬት ይጀምራሉ፣ ሌሎቹ ወለላቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የጎን ድንበሩን ብቻ አይቶ ማለፍ አይበቃም፤ የእያንዳንዱን ቀጣና ወለልና ጣሪያ በካርታው ጠርዝ ካለው ሰንጠረዥ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ሮኬት በሚወነጨፍበት ዕለት በእነዚህ ላይ ጊዜያዊ የበረራ ገደብ ይታከላል። የሕግ መሠረቱ የፌዴራል አቪዬሽን ደንብ አንቀጽ 91.143 ሲሆን፣ ለህዋ በረራ ተብሎ ኖታም በወጣበት ክልል ውስጥ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ፈቃድ ሳያገኙ መብረርን ይከለክላል። በአሜሪካ የተመዘገበ አውሮፕላንም ሆነ በአሜሪካ ፈቃድ የሚበር አብራሪ በዚህ ደንብ ይገዛል።

ኖታሙን ሲያነቡ ሦስት ነገሮችን ለይተው ይጻፉ፦ ድንበሩን፣ ከፍታውን፣ ጊዜውን። አብራሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በሦስተኛው ላይ ነው። ጊዜው በአሥር አሃዞች ተጠጋግቶ ይጻፋል፤ ሁለቱ አሃዞች ዓመት፣ ሁለቱ ወር፣ ሁለቱ ቀን፣ የቀሩት አራቱ ሰዓትና ደቂቃ ናቸው፤ ሁሉም በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ነው። ለምሳሌ ያህል 2503150130 የሚል ጽሑፍ ቢያዩ 2025 ዓ.ም.፣ 3ኛው ወር፣ 15ኛው ቀን፣ 01:30 ዩቲሲ ማለት ነው። ፍሎሪዳ በዚያ ወቅት ከዩቲሲ 4 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ በታይተስቪል ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 21:30 ይሆናል፤ ቀኑም 15 ሳይሆን 14 ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ገደቡ የነገ ነው ብሎ በ14ኛው ቀን ምሽት የሚነሳ አብራሪ ልክ ሮኬቱ ሊወነጨፍ ሲል ከተዘጋው ክልል ውስጥ ይገኛል። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ልዩነቱ 5 ሰዓት እንደሚሆንም አይርሱ። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ሰዓቶች በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፌ ነው የምይዘው፤ በጭንቅላት ማስላት ሲደክሙ ያሳስታል።

ማስወንጨፉ ከተላለፈ ኖታሙም ይቀየራል ወይም ይተካል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አንብቦ ማስቀመጥ አይሆንም፤ በዋዜማው፣ በዕለቱ ጠዋትና ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት እንደገና ያንብቡት። በስልክዎ ያለው መተግበሪያ መጨረሻ የታደሰው መቼ እንደሆነም ይመልከቱ። ጥር 11 ቀን 2023 የአሜሪካ የኖታም ሥርዓት በመቋረጡ በመላ አገሪቱ የአውሮፕላን መነሳት ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆሞ ነበር። የበረራ አገልግሎት ጣቢያውን የስልክ ቁጥር በእጅ መያዝና አስፈላጊ ሲሆን ሰው ማነጋገር የሚጠቅመው በእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ከባሕር ዳርቻው ርቆ በውቅያኖሱ ላይ ደግሞ የአደጋ ቀጣናዎች ይከለላሉ፤ የሮኬቱ ክፍሎች የሚወድቁት፣ ነገር ከተበላሸም ስብርባሪው የሚጠበቀው እዚያ ነው። ከነዚህ ቀጣናዎች ውጭ ስብርባሪ ሊወድቅ በሚችልባቸው ስፍራዎች ደግሞ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አስቀድሞ የማይዘጋው፣ አደጋ ሲደርስ ብቻ የሚያነቃው የስብርባሪ ምላሽ ክልል የሚባል አለው። ጥር 16 ቀን 2025 ከደቡብ ቴክሳስ የተወነጨፈው ስታርሺፕ የተባለው ሮኬት በቱርክስና ካይኮስ ደሴቶች አካባቢ በሰማይ ላይ ሲበታተን የሆነው ይህ ነው፤ በአካባቢው የነበሩ አውሮፕላኖች በአየር ላይ እንዲዞሩ ወይም አቅጣጫ እንዲቀይሩ ተደረገ። በመጋቢት 6 በተደረገው ቀጣይ ሙከራም መንኮራኩሩ በመበታተኑ ማያሚንና ኦርላንዶን ጨምሮ በፍሎሪዳ አውሮፕላን ማረፊያዎች በረራዎች ለጊዜው ተገቱ። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር ነዳጅን ይመለከታል። በእይታ ደንብ ለሚበር አውሮፕላን ሕጉ የሚጠይቀው መጠባበቂያ በቀን 30፣ በሌሊት 45 ደቂቃ ነው፤ በማስወንጨፊያ ቀን ግን ከአንድ ሰዓት በታች መጠባበቂያ ይዞ በዚያ አካባቢ መብረር ትክክል አይመስለኝም።

3. ከምድር ወይስ ከአየር?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩ ከሆነ ከምድር ይዩት። በአውሮፕላን መሄድ ከፈለጉ በታይተስቪል የሚገኘው የስፔስ ኮስት አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ሜሪት አይላንድና ሜልበርን አሉ። በእነዚህ ቦታዎች በማስወንጨፊያ ቀን ማቆሚያ ስለሚጣበብ አስቀድመው ደውለው ቦታ ይያዙ፤ ገደቡ ከመጽናቱ ከሁለት ሰዓት በፊት ያርፉ፤ ከማረፊያው ወደ ወንዙ ዳር የሚወስድዎትንም መኪና አስቀድመው ያዘጋጁ። ፕላያሊንዳ የተባለው የባሕር ዳርቻ ለ39ኤ እጅግ ቅርብ ቢሆንም ለአንዳንድ ማስወንጨፎች ይዘጋል፤ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጡ አይሂዱ።

ከአየር ማየት የተከለከለ አይደለም፤ ከገደቡ ውጭ ሆነው ከምዕራብ በኩል መመልከት ይቻላል። ይሁን እንጂ ይህን ሐሳብ ያመጡት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ከፍታ፣ ዓይናቸውን ወደ ምሥራቅ የተከሉ ሌሎች አብራሪዎችም አሉ። ትልቁ አደጋ ያለው ከሮኬቱ ዘንድ ሳይሆን ከአጠገብዎ አውሮፕላን ዘንድ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ አብራሪ ሳይዙ አይሞክሩት፤ አንዱ ይበራል፣ አንዱ ያያል፣ ማን የትኛውን እንደሚሠራም ከመነሳት በፊት በግልጽ ይነጋገሩ። ከአካባቢው የራዳር ተቆጣጣሪ የክትትል አገልግሎት ይጠይቁ፤ ሁለተኛ ሬዲዮ ካለዎት የአደጋ ጊዜ ሞገድ የሆነውን 121.5ን ያድምጡ፤ ከገደቡ ድንበር ጋር ተጣብቀው ሳይሆን ብዙ ማይሎች ርቀው ይዙሩ።

በሌሊት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። ዓይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ የሮኬት ነበልባልን በቀጥታ ያየ አብራሪ ግን ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የማኮብኮቢያውን መብራትም ሆነ የሌላውን አውሮፕላን ብልጭታ መለየት ይከብደዋል። የሚያበረው ሰው ነበልባሉን እንዳያይ የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከባድ ምክር መሆኑን ግን አልክድም።

4. የአየር ሁኔታውን ትንበያ መተርጎም

የኬፕ ካናቬራልን ትንበያ የሚያወጣው የስፔስ ፎርሱ 45ኛ የአየር ሁኔታ ስኳድሮን ነው። ሰነዱ አጭር ቢሆንም ለአብራሪ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ዋናው ቁጥር የማስወንጨፊያ ደንቦች የመጣስ ዕድል ነው፤ 40 በመቶ የሚል ካዩ 40 በመቶ ዝናብ ይኖራል ማለት ሳይሆን፣ ከደንቦቹ አንዱ በተያዘው ሰዓት የመጣሱ ዕድል 40 በመቶ ነው ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ ይህንኑ ገልብጠው 60 በመቶ ምቹ ይሉታልና የትኛውን እያነበቡ እንደሆነ ይለዩ።

ከሰነዱ ጎን የአካባቢውን ማረፊያዎች ሜታር (የወቅቱን የአየር ሁኔታ ሪፖርት) እና ታፍ (የማረፊያውን የአየር ትንበያ) ያውጡና ያነጻጽሩ። ታፍ ሰማዩ ለበረራ ምቹ ነው እያለ የስኳድሮኑ ትንበያ ስለ ኩሙለስ ደመና ወይም ስለ ወፍራም የደመና ንብርብር የሚያስጠነቅቅበት ቀን ብዙ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ኅዳር 14 ቀን 1969 መመለስ ይጠቅማል። አፖሎ 12 ዝናብ በሚያዘንብ ደመና ውስጥ በተወነጨፈ በ36 ሰከንድ ተኩልና በ52ኛው ሰከንድ መብረቅ መታው፤ መብረቁን የጠራው ሮኬቱ ራሱ ነበር፤ ረጅሙ አካሉና ከኋላው የሚተፋው ትኩስ ጋዝ ለኤሌክትሪክ መተላለፊያ ሆነዋልና። ዛሬ በመርህ ደረጃ ከበረራ መስመሩ በ10 የባሕር ማይል ውስጥ መብረቅ ከታየ 30 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ጥር 28 ቀን 1986 ደግሞ ቅዝቃዜ የመጋጠሚያዎቹን የጎማ ቀለበቶች አደንድኖ የህዋ መንኮራኩሯ ቻሌንጀር በ73ኛው ሰከንድ ላይ ጠፋች፤ የሰባት ሰዎች ሕይወትም አለፈ። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ማስወንጨፉ ሲተላለፍ ተመልካች ያዝናል፤ የላይኛውን ነፋስ ሰንጠረዥ የሚያነብ አብራሪ ግን ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ከማስታወቂያው በፊት ያገኘዋል።

5. ቆጠራውን መከታተልና የሚታየውን መረዳት

በብዛት የሚወነጨፈውን ፋልከን 9ን እንያዝ። ይህ ሮኬት 70 ሜትር ቁመትና በመጀመሪያው ክፍሉ 9 ሞተሮች አሉት። ነዳጅና ፈሳሽ ኦክስጅን መሙላት የሚጀመረው 35 ደቂቃ ሲቀር ነው፤ 7 ደቂቃ ሲቀር ሞተሮቹ ይቀዘቅዛሉ፤ 45 ሰከንድ ሲቀር የማስወንጨፊያው ኃላፊ የመጨረሻውን ፈቃድ ይሰጣል፤ 3 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ሞተሮቹ ይቀጣጠላሉ። ኦክስጅኑ ከመጠን በላይ የቀዘቀዘ በመሆኑ ተሞልቶ ብዙ ሊቆይ አይችልም፤ ስለዚህ መሙላት ከተጀመረ በኋላ ቆጠራው ከተገታ ያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ አበቃ ማለት ነው። በተቃራኒው 35ኛው ደቂቃ ላይ መሙላት መጀመሩን ከሰሙ ካሜራዎን ያዘጋጁ።

በታይተስቪል ወንዝ ዳር ከ39ኤ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ቆመዋል እንበል። መጀመሪያ የሚያዩት ከአድማሱ ሥር የሚፈነዳ ብርሃን ነው፤ ሌሊት ከሆነ ውሃው በሙሉ ብርቱካናማ ይሆናል። ድምፅ ግን የለም። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ስለሚወስድበት፣ መድረኩን ሲለቅ ያሰማው ጉርምርምታ ወደ እርስዎ የሚደርሰው ከ57 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ሮኬቱ ከፍ ብሎ ወደ ምሥራቅ መታጠፍ ጀምሯል፤ ዓይን የአሁኑን፣ ጆሮ የደቂቃ በፊቱን ይከታተላሉ። ድምፁ ሲደርስ መጀመሪያ ደረት ላይ ይሰማል፤ የቆሙ መኪኖች መስታወት ይርገበገባል፤ ከዚያ እንደ ደረቅ እንጨት የሚንጣጣ ድምፅ ይከተላል። እነዚያን የመጀመሪያ ሰከንዶች በካሜራ ውስጥ ሳይሆን በዓይንዎ ይመልከቷቸው፤ ካሜራውን በማቆሚያ ላይ ተክለው ብቻውን እንዲቀርጽ ይተዉት።

ከተነሳ ከ70 ሰከንድ ገደማ በኋላ በሬዲዮው ማክስ ኪው የሚል ይሰማሉ፤ አየሩ በሮኬቱ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ጫፍ የሚደርስበት ቅጽበት ነው። አብራሪ ይህን ቃል ከማንም በተሻለ ሊረዳው ይችላል፤ ምክንያቱም በኮክፒቱ ያለው የፍጥነት መለኪያ የሚለካው በመሠረቱ ይህንኑ የአየር ግፊት ነው። ግፊቱ የአየሩ እፍጋት ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ሮኬቱ ሲወጣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ አየሩ ግን ይሳሳል፤ ሁለቱ ተመዛዝነው ግፊቱ አንድ ጫፍ ላይ ይደርስና ይወርዳል። በሮኬቱ ላይ የእኛን ዓይነት መለኪያ ቢገጠምለት፣ በግርድፉ ሲታይ መርፌው እስከ ማክስ ኪው ድረስ ይወጣና ሮኬቱ ገና እየፈጠነ ሳለ ወደ ኋላ መመለስ ይጀምራል። ከፍ ባለ ቁጥር የሚነበበው ፍጥነት ከእውነተኛው ፍጥነት የሚለይበትን ምክንያት ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ላይ የመጀመሪያው ክፍል ሞተሮች ይጠፉና ክፍሎቹ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ክፍል ወደ ኬፕ ካናቬራል ተመልሶ በምድር ላይ የሚያርፍ ከሆነ ቦታዎን አይልቀቁ፤ 8 ደቂቃ ገደማ ላይ ሲወርድ ይታያል፤ ካረፈ በኋላም ከድምፅ ፍጥነት በላይ በመምጣቱ የተፈጠረው ተከታታይ ፍንዳታ ይደርስዎታል። በውቅያኖስ ላይ ባለ ጀልባ የሚያርፍ ከሆነ ግን ይህ አይኖርም። መምረጥ ከቻሉ ደግሞ ፀሐይ ከመውጣቷ ጥቂት በፊት ወይም ከጠለቀች ጥቂት በኋላ የሚወነጨፈውን ይምረጡ፤ ምድር ጨልማ ሳለ ላይ ያለውን ጋዝ ፀሐይ ስለምታገኘው ሰማዩን የሚሸፍን ግዙፍ ብርሃናማ ደመና ይታያል።

6. ከተወነጨፈ በኋላ መመለስ

ሮኬቱ ስለሄደ ክልሉ ተከፈተ ማለት አይደለም። ገደቡ የሚያበቃው በኖታሙ በተጻፈው ሰዓት ወይም ቀደም ብሎ መሰረዙ ሲረጋገጥ ነው፤ ይህንንም ከተቆጣጣሪው ይጠይቁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚነሳ አውሮፕላኖች ወደ ማኮብኮቢያው የሚሄዱበት ታክሲ መንገድ ይጨናነቃል፤ አንድ ሰዓት ታግሶ መነሳት ይሻላል። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያነጉ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይብረሩ፤ ተኝተው በማግሥቱ ይመለሱ። ባለማወቅ ከተዘጋ ክልል የገቡ ከመሰለዎት ናሳ ከ1976 ጀምሮ በሚያስተዳድረው የአቪዬሽን ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት በ10 ቀናት ውስጥ ሪፖርት ያድርጉ፤ ጥፋቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ካልሆነና ሌሎቹ ቅድመ ሁኔታዎች ከተሟሉ ከቅጣት ሊጠብቅዎ ይችላል።

7. በማስወንጨፎቹ መካከል ብቃትን መጠበቅ

ሕጉ የሚጠይቀውን በቅድሚያ ያሟሉ። መንገደኛ ለመያዝ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት መነሳትና ሦስት ማረፍ ያስፈልጋል፤ ለሌሊት ደግሞ እነዚህ ሦስቱ ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ እስከ መውጫዋ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ባለው ጊዜ፣ ሙሉ በሙሉ በመቆም የተፈጸሙ መሆን አለባቸው። ጓደኞችዎን ይዘው የሌሊት ማስወንጨፍ ሊያሳዩ ከሆነ ይህን መዝገብዎን ገልጠው ያረጋግጡ። በየ24 ወሩ ከአስተማሪ ጋር ቢያንስ አንድ ሰዓት በምድር፣ አንድ ሰዓት በአየር የሚደረግ የበረራ ግምገማ አለ። በኢንስትሩመንት፣ ማለትም በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ፣ ለሚበሩ በ6 ወር ውስጥ ስድስት አቀራረቦች፣ የሆልዲንግ (በአየር ላይ እየዞሩ የመጠበቅ) ሥርዓትና የመስመር ክትትል ይጠየቃሉ።

እነዚህ ግን ዝቅተኛው ወለል ናቸው። በ90 ቀናት ሦስት ጊዜ ያረፈ ሰው ሕጋዊ ነው፤ በጠንካራ የጎን ነፋስ ለማረፍ ዝግጁ መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ለንባብ የተወሰነ ሰዓት ይኑርዎት። ናሳ ከአብራሪዎች ሪፖርቶች መርጦ በየወሩ የሚያወጣውን ኮልባክ የተባለ አጭር ኅትመት ያንብቡ፤ ከብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የአደጋ ሪፖርቶች አንዱን መርጠው ምክንያቱን ከመድረስዎ በፊት የት ላይ እንደሚመለሱ ራስዎን ይጠይቁ፤ የእይታ በረራ ካርታዎች በየ56 ቀኑ፣ የኢንስትሩመንት አቀራረብ ሰሌዳዎች ዑደት በየ28 ቀኑ ስለሚታደስ የያዙት የአሁኑ መሆኑን ያረጋግጡ።

ከ2023 ወዲህ ከፍሎሪዳ በአማካይ በሳምንት ከአንድ በላይ ሮኬት ስለሚወነጨፍ፣ የሚለማመዱበት ኖታም አይጠፋም። የትም ይሁኑ የት የሚቀጥለውን ኖታም ያውጡ፤ አሥሩን አሃዞች ወደ ፍሎሪዳ ሰዓት ይቀይሩ፤ መጋጠሚያ ነጥቦቹን በካርታ ላይ በእርሳስ ያስምሩ፤ ከሜልበርን ወደ ሰሜን የሚሄድ አንድ የእይታ በረራ መስመር አውጥተው በየትኛው ከፍታና ሰዓት እንደሚያልፍ ይጻፉ። ከዚያ ማስወንጨፉን በቀጥታ ስርጭት ሲያዩ፣ ያሰመሩት ካርታ አጠገብዎ ይሁን።